ከሥራ ገበታዋ ያለ ፈቃድ የቀረችው

መርሳ፣ ታኅሣሥ 20 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቤቲ፣

ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ያመጣልኝ ሲራጅ ነው፤ በደሴና በመርሳ መካከል ሚኒባስ የሚነዳው የአክስቴ ልጅ። መልሱንም እሱ ደሴ ድረስ ይወስደውና ለአዲስ አበባ አውቶቡስ ሾፌር ይሰጥልኛል። እዚህ ከነሐሴ ጀምሮ ስልክም ኢንተርኔትም የለም። ሁለት የሶፍትዌር ባለሙያዎች በሾፌር ኪስ ደብዳቤ ስንላላክ ማየት ያስቃል፤ የሚስቅ ከተገኘ።

መጀመሪያ የጠየቅሽኝን ልመልስ። እናትሽ በሕይወት አሉ። ሰኞ ወልድያ ሄጄ በዓይኔ አይቻቸዋለሁ። ቤታችሁ ጣሪያው አለ፣ በሩ የለም፤ ብርድ ልብስ ሰቅለውበታል። በጣም ከስተዋል። ስወጣ እጄን ይዘው «ለቤተልሔም ደህና ናት በያት፤ ሌላ ምንም እንዳትነግሪያት» አሉኝ። ስለዚህ ደህና ናቸው።

እኛም ቤት ውስጥ አለን፣ አልሐምዱሊላህ። ኮምፒውተሬ ተወስዷል። አባቴ ያመረተው ሽንኩርት እንዳለ ሄዷል። ስለ ወንድሜ ስለ ሚስባህ የጠየቅሽኝን አሁን መጻፍ አልቻልኩም፤ አትቀየሚኝ።

አሁን ደግሞ እኔ ልጠይቅ። ሥራዬ እንዴት ሆነ? አምስት ወር ሙሉ ከሁሉ በላይ ያሰብኩት እሱን ነው ብልሽ ታፍሪብኛለሽ፤ ግን እውነት ነው። ተኩሱ ሲጠጋ ከወልድያ ወደ መርሳ ስመጣ ለአለቃችን ለተስፋዬ መልእክት ልኬለት ነበር፤ ኔትወርኩ ከመቋረጡ በፊት ይድረሰው አይድረሰው አላውቅም። ሐምሌ 30 ቀን ያስረከብኩትንስ ክፍል ለእርዳታ ድርጅቱ የምንሠራው ሲስተም ውስጥ አስገባችሁት? ያለ ኢንተርኔትና ያለ ስልክ ተፈናቃይ የሚመዘግበውን ማለቴ ነው። ሦስት ወር የደከምኩበት ነው።

እናትሽን በየሳምንቱ አይልሻለሁ።

ሀስና


አዲስ አበባ፣ ታኅሣሥ 28 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሀስናዬ፣

እንዴት ነሽ፣ እናትሽ እንዴት ናቸው፣ አባትሽ፣ ጎረቤቱ ሁሉ እንዴት ነው? የእናቴን መኖር ካነበብኩ በኋላ ወረቀቱን ለግማሽ ሰዓት ማስቀመጥ አቃተኝ። ውለታሽን የምከፍልበት አቅም የለኝም፤ ይህን የምልሽ ለወጉ አይደለም።

ዘግይቼ በመጻፌ ይቅርታ። ሥራ በዝቶ ነበር፣ በዓሉም ደረሰ። እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ።

ከዚህ ጋር የታሸገ ፖስታ አለ። ተስፋዬ ነው የሰጠኝ። የሥራ ክፍላችን ኃላፊ ሆኖ ሳለ «አድራሻዋን አንቺ ታውቂዋለሽ» ብሎ እኔ እንድልከው አደረገ። ምን እንደሚል አውቃለሁ። ስትከፍቺው ተቀመጪ። ለጠበቃ ማሳየት ከፈለግሽ አንድ ሰው ላገናኝሽ እችላለሁ፤ ግን ስሜን አትጥሪ።

እዚህም መሥሪያ ቤቱ እንደ ድሮው አይደለም። ከመስከረም ወዲህ አሥራ አንድ ሰው ወጥቷል። አርብ አርብ ተስፋዬ ማንን እንደሚጠራ እያየን ምሳ አንበላም።

ስለ ክፍሉ ለጠየቅሽኝ፤ አዎ፣ ሲስተሙ ውስጥ ገብቶ ነበር።

ሰላምታዬን ለሁሉም አድርሺልኝ።

ቤተልሔም


መርሳ፣ ጥር 6 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቤቲ፣

እንዳልሽው ተቀምጬ ነው የከፈትኩት።

«ሠራተኛዋ ከነሐሴ 5 ቀን 2013 ዓ.ም. ጀምሮ ያለ ፈቃድ ከሥራ ገበታዋ ቀርታለች» ይላል። ፈቃድ ማንን ልጠይቅ? ከተማውን የያዙትን? ወረድ ብሎ «መስከረም 11 ቀን 2014 ዓ.ም. የመጨረሻ ማስጠንቀቂያ በኢሜይል ተልኮላት መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆነችም» ይላል። መስከረም 11 ቀን ሚስባህን የቀበርንበት ቀን ነው። ዱቄት አለ የተባለበት መንደር ሄዶ ሲመለስ መንገድ ላይ በጥይት ተመታ። ማን እንደተኮሰ አናውቅም። አባቴና ሦስት ሽማግሌዎች ተሸክመው ቀበሩት፤ ሌላ ወንድ ከቤቱ መውጣት አልቻለም። ወንድሜ ሃያ ሁለት ዓመቱ ነበር፣ ታውቂዋለሽ፤ ዶርም ድረስ ማንጎ ያመጣልን ነበር። እንግዲህ በዚያ ቀን እኔ ለኢሜይል መልስ ለመስጠት ፈቃደኛ አልሆንኩም።

ወረቀቱን ለአባቴ አነበብኩላቸው። «አገሩ መያዙን አልሰሙም ማለት ነው?» አሉኝ። «ሰምተዋል» አልኳቸው። «እንግዲያው ሰው አይደሉም» ብለው ለሶላት ተነሡ።

ሁለታችን ከወልድያ ዩኒቨርሲቲ በአንድ ቀን ተመረቅን፣ በአንድ ፈተና አለፍን። አንቺ አዲስ አበባ ዘመድ ስላለሽ ገብተሽ ቋሚ ሆንሽ። እኔ አባቴ ታመው ስለነበር ወልድያ ሆኜ ልሥራ ስል «የክፍለ ሀገር ኮንትራት» ተባልኩ። ደመወዜ ያንቺ ግማሽ፤ ኮምፒውተሩም ኢንተርኔቱም ከራሴ፤ የሕመም ፈቃድ የለም። ስጠይቅ ተስፋዬ «ወልድያ ኑሮ ርካሽ ነው» አለኝ። የጻፍኩት ኮድ ግን የክፍለ ሀገር ነው ተብሎ ለደንበኛ በግማሽ ዋጋ አልተሸጠም። ያኔ ለምን ዝም እንዳልኩ እስካሁን አይገባኝም። አንቺም ዝም አልሽ።

ደግሞ «ገብቶ ነበር» ብለሽ ነው የጻፍሽልኝ። «ነበር» ምን ማለት ነው?

የማውቀውን ልንገርሽ። ባለፈው ሳምንት የእርዳታ ድርጅቱ መዝጋቢዎች ታብሌት ይዘው መርሳ መጡ። የኛ ሲስተም ነው፤ ቀለሙን ከሩቅ ነው የለየሁት። ሰው ስሙን ይናገራል፣ የስልክ ቁጥር ይሰጣል፣ ከዚያ ታብሌቱ «በስልክዎ የደረሰዎትን ኮድ ያስገቡ» ይላል። ኔትወርክ በሌለበት ከተማ። የአብዛኛው ሰው ስልክ በተዘረፈበት ከተማ። ኮዱን ያላመጣ አይመዘገብም፤ ያልተመዘገበ ስንዴ አያገኝም። ሦስት ቀን ሙሉ ሰው ተሰልፎ ባዶ እጁን ሲመለስ አየሁ። መዝጋቢዎቹ ያሳዝናሉ፤ እነሱም የሚያደርጉት የላቸውም። እኔ ያንን ክፍል የሠራሁት ለዚህ ቀን ነበር፤ ኮድ ሳይጠይቅ መዝግቦ ታብሌቱ ላይ እንዲያስቀምጥ፣ ድግግሞሹም ታብሌቱ ኔትወርክ ያለበት ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ሲደርስ እንዲጣራ።

ማን ነው ከሲስተሙ ያወጣው? ለተስፋዬ ንገሪው። ደብዳቤዬን አሳዪው ከፈለግሽ።

አንድ የመጨረሻ ጥያቄ። የስንብት ወረቀቱ ላይ «የቅርብ ባልደረባዋ በጽሑፍ እንዳረጋገጡት፣ ሠራተኛዋ ለመገናኘት ምንም ጥረት አላደረገችም» ይላል። ይህ ባልደረባ ማን ነው?

ሀስና


አዲስ አበባ፣ ጥር 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሀስናዬ፣

አላህ ለሚስባህ ጀነትን ይስጠው። ማንጎውን አስታውሳለሁ፤ በኩርቱ ፌስታል ተሸክሞ ጥበቃው አላስገባ ሲለው አጥር ሥር ቆሞ ስማችንን ይጠራ ነበር።

ለተስፋዬ ነገርኩት። የመለሰልኝን እንዳለ ልጻፍልሽ። «ደንበኛው አንድ ሰው ሁለት ጊዜ እንዳይመዘገብ በስልክ ይረጋገጥ ብሏል» አለኝ። «ያለ ኢንተርኔት የሚሠራውስ ክፍል?» አልኩት። «ባለቤቱ የሌለችበት ኮድ ነው፤ ቢበላሽ ማን ያስተካክለዋል? ለዚህ ነው ያስወጣሁት» አለ። ያስወጣሽም እሱ፣ ባለቤት የለውም ያለውም እሱ። ይህን ፊት ለፊት አልነገርኩትም። ያሰብኩት ወደ ቤት ስሄድ ታክሲ ውስጥ ነው።

ጥያቄውን ለአስተዳደሩ አቅርቤያለሁ፤ በሚቀጥለው ወር ስብሰባ ያዩታል። እባክሽ ታገሺኝ። እዚህ ሌላ ሁለት ሰው ወጥቷል፤ አንደኛዋ ነፍሰ ጡር ናት።

ስለ እናቴ እንደገና ልጠይቅሽ። በሾፌር የላክሁላት ልብስ ደረሳት? እርዳታው ወልድያም ደርሷል ይባላል፤ ተመዝግባለች? ለምን አንድ መስመር አታጽፍልኝም?

ለመጨረሻው ጥያቄሽ በሌላ ጊዜ።

ቤተልሔም


መርሳ፣ ጥር 22 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቤተልሔም፣

በሌላ ጊዜ የሚባል ነገር የለም። የጠየቅሁሽ የሰው ስም ነው፤ ስም ለመጻፍ አንድ መስመር ይበቃል። ስላልጻፍሽው አውቄዋለሁ። ለመገናኘት ምንም ጥረት አላደረገችም ብለሽ የፈረምሽው አንቺ ነሽ።

ፊርማሽን አውቀዋለሁ፤ ዩኒቨርሲቲ እያለን ስትቀሪ እኔ እየፈረምኩልሽ ነው የተመረቅሽው። እንዲህ ያለውን ነገር ማንሣት ነውር ነው። ዛሬ ነውር አልፈራም።

አሁን የእናትሽን ነገር ልንገርሽ። እሳቸው እንዳትነግሪያት ስላሉኝ ሁለት ሳምንት ይዤው ነበር። ቃሌን ዛሬ አፍርሻለሁ።

እናትሽ ወልድያ ላይ አራት ቀን ተሰልፈዋል። አራተኛው ቀን አብሬያቸው ነበርኩ። ከጠዋት ጀምረን ስምንት ሰዓት ላይ ተራቸው ደረሰ። መዝጋቢዋ ቡርቱካን የምትባል ልጅ ናት፤ ፊቷ በፀሐይ ተልጧል፣ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«ስም?» አለቻቸው።

«አለሚቱ ወርቁ።»

«ስልክ ቁጥር?»

ቁጥራቸውን በቃላቸው ነገሯት። ልጅቷ ነካካችና «አሁን በስልክዎ ኮድ ይመጣል፤ ያንብቡልኝ» አለቻቸው።

«ስልኩን እኮ ወሰዱት ልጄ።»

«እንግዲያው ኮዱ የሚሄደው ወደዚያ ነው፣ እማማ።»

«ታዲያ የወሰዱትን ሰዎች ሄጄ ልጠይቃቸው?»

ሰልፉ ሳቀ። እሳቸው አልሳቁም፤ ከምራቸው ነበር የጠየቁት። ከዚያ ምን እንዳሉ ታውቂያለሽ? ጠጋ ብለው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ይህን ማሽን የሠራችው የኔ ልጅ ናት፤ አዲስ አበባ ነው የምትሠራው» አሏት። እየኮሩ ነው ያሏት። ቡርቱካንም ምስኪን፣ ሳታስበው «እንግዲያውስ ይደውሉላትና ታስተካክልልዎት» አለቻቸው።

ስልክ ለሌላቸው ሴት።

ወደ ቤት ስንመለስ ሁለት ጊዜ መንገድ ዳር ተቀመጡ። የላክሽው ልብስ ደርሷል፤ ሸጠው ማሽላ ገዝተዋል። አንድ መስመር ለምን እንዳላጻፉልሽ ጠይቀሻል። «እርቦኛል ብዬ አላጽፍም፣ ጠግቤያለሁ ብዬም መዋሸት አልችልም» ነው ያሉኝ። እኔ ካለችን ላይ አካፍያቸዋለሁ፤ ግን እኛም ብዙ የለንም።

ስብሰባው በሚቀጥለው ወር ነው አልሽ። ለእናትሽ ምን ልበላቸው?

ከእንግዲህ ሀስናዬ አትበዪኝ።

ሀስና ኡበይደላ


አዲስ አበባ፣ ጥር 30 ቀን 2014 ዓ.ም.

ሀስና፣

እኔ ነኝ የፈረምኩት።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ ነው። ተስፋዬ ጠራኝና የተጻፈ ወረቀት አቀረበልኝ። «አልተገናኛችሁም አይደል? እውነት ነው የሚለው» አለኝ። ከወረቀቱ ጎን የሚሰናበቱ ሰዎች የስም ዝርዝር ነበር፣ ተገልብጦ። ስሜ እንዳለበት አልነገረኝም፤ እጁን ብቻ ላዩ ላይ አሳረፈ። ያን ሳምንት ደሴም ተይዛ ነበር። እናቴ በሕይወት አለች ብዬ አላስብም ነበር። ሥራውም ከሄደ ምንም የለኝም ብዬ ፈረምኩ። ለመገናኘት ጥረት አላደረገችም የሚለውን መስመር አንብቤዋለሁ። አላየሁትም ብዬ አልዋሽሽም። ይቅር በዪኝ ብዬም አሁን አልጠይቅሽም።

ደብዳቤሽ የደረሰኝ ረቡዕ ነው። ኮሪደር ላይ ቆሜ አነበብኩት። ያንን የእናቴን ኩራት ሳነብ ወንበሬ ላይ ሄጄ ተቀመጥኩና የሐምሌ 30ውን ክፍልሽን ከድሮው ቅጂ አወጣሁት። ኮድሽን ለመጀመሪያ ጊዜ መስመር በመስመር አነበብኩት። እያንዳንዱ ነገር ለምን እንደተደረገ በአማርኛ ማስታወሻ ጽፈሽበታል። ባለቤት የለውም ያለው ሰው ከፍቶ አላየውም ማለት ነው። ሁለት ቀን ፈተሽኩት። አርብ ጠዋት ማንንም ሳላስፈቅድ ሲስተሙ ውስጥ መልሼ ለቀቅኩት፤ ኮምቦልቻ የሚመለሱት ታብሌቶች ሁሉ እዚያው ኔትወርክ ሲያገኙ ተቀብለውታል።

ከሰዓት በኋላ ተስፋዬ ወንበሬ ድረስ መጣ። «ማን ፈቀደልሽ?» አለኝ። «ማንም» አልኩት። ኮምፒውተሩን ተቀብለውኝ የጥበቃ ሠራተኛው እስከ በር ሸኘኝ። ቋሚ ሠራተኛ ነበርኩ። ቋሚነቴ ከበሩ እስከ ሊፍቱ ድረስ እንኳን አልቆየም።

ሠርቶ ይሆን? አላውቅም፤ ከዚህ ሆኜ ማየት አልችልም። እባክሽ ንገሪኝ።

ቤተልሔም


መርሳ፣ የካቲት 14 ቀን 2014 ዓ.ም.

ቤቲ፣

ስልክ ካለፈው ሳምንት ጀምሮ ተመልሷል፤ ደብቄ ያተረፍኩት ስልኬ ላይ ቁጥርሽም አለኝ። ግን በድምፅ ከጀመርኩት እጮሃለሁ፣ ስለዚህ ልጻፍልሽ።

ሠርቷል። የካቲት 2 ቀን መዝጋቢዎቹ መጡ፤ ታብሌቱ ኮድ ሳይጠይቅ ስም ተቀበለ። በአንድ ቀን ስድስት መቶ ሰው ተመዘገበ። አባቴም ተመዘገቡ። ወልድያም በማግስቱ እንዲሁ ሆነ፤ እናትሽ ስንዴና ዘይት ወስደዋል። ቡርቱካን እንዳየቻቸው ከሰልፉ መሃል ጠርታ አስቀደመቻቸው። «ልጅዎ አስተካከለችው» አለቻቸው። እሳቸውም «ነግሬሽ የለ» አሏት። ሥራሽን እንዳጣሽ አልነገርኳቸውም፤ እሱን አንቺው ትነግሪያቸዋለሽ።

ኔትወርኩ በተመለሰ በሁለተኛው ቀን ተስፋዬ ደወለልኝ።

«ሀስና፣ እንኳን በሰላም ተረፍሽ፤ ሁላችንም ተጨንቀን ነበር» አለኝ።

«ማስጠንቀቂያ ልካችሁልኝ ነበር» አልኩት።

«እሱ የአሠራር ጉዳይ ነው። አሁን የቤተልሔም ቦታ ክፍት ነው፤ አንቺን አስበናል።»

«በቋሚነት?»

«ለስድስት ወር። ገበያው ተለውጧል።»

«ኮምፒውተር ትሰጡኛላችሁ?»

«ለጊዜው በራስሽ ትጠቀሚያለሽ። እና አንድ ትንሽ ወረቀት አለች። ክፍሉን የሠራሽው አንቺ ስለሆንሽ፣ ሥራው ገና ያልተጠናቀቀ እንደነበረና ቤተልሔም ለታብሌቶቹ በመልቀቋ መረጃውን አደጋ ላይ እንደጣለች ታረጋግጫለሽ። ለደንበኛው ነው።»

እንዳልዋሽሽ፣ ወዲያው እምቢ አላልኩም። «ልምከርበት» አልኩት። ቤታችን ውስጥ ለዘር የሚሆን እህል የለም፤ እናቴ ከሚስባህ ወዲህ መድኃኒት ትወስዳለች። አንድ ቀን ሙሉ ተቀምጬ ፈርመሽብኛል እኮ፣ ብፈርምብሽ ምን አለበት አልኩ። በጣም ተናድጄብሽ ነበር፤ ልፈርም የቀረኝ ትንሽ ነው። ያቆመኝ አንቺን መውደዴ አይደለም። ክፍሉ አልተጠናቀቀም ብሎ መጻፍ አቃተኝ። ተጠናቋል። ስድስት መቶ ሰው በአንድ ቀን መዝግቧል። ደመወዜን ሲቆርጡ ዝም አልኩ፣ ሲያባርሩኝ የሚሰማኝ አልነበረም፤ ሥራዬን ግን አበላሸሁት ብዬ በገዛ እጄ አልጽፍም።

ወልድያ አንድ የኢንተርኔት ቤት ተከፍቷል። እዚያ ሄጄ ለተስፋዬ ጻፍኩለት፤ ግልባጩን ለእርዳታ ድርጅቱ አደረግሁ። ክፍሉን ሐምሌ 30 ቀን 2013 ዓ.ም. አጠናቅቄና ፈትሼ ማስረከቤን፣ ከሲስተሙ ሲወጣ ሰው ያለ እህል መመለሱን፣ ቤተልሔም መልሳ በመልቀቋ ሰው መብላቱን ጻፍኩ። መጨረሻው ላይ «ከነሐሴ 5 እስከ ታኅሣሥ ድረስ ከሥራ ገበታዬ የቀረሁት በጦርነት ተይዤ ነው፤ እናንተ ግን በሰላም አገር ተቀምጣችሁ ከሥራችሁ ቀርታችኋል» አልኩ። ሥራውን እንደማልፈልግም ጨመርኩ።

ተስፋዬ አልመለሰም። ከእርዳታ ድርጅቱ አጭር መልስ መጣ፤ ክፍሉ እንዳለ ይቀጥላል፣ ማብራሪያም ከነተስፋዬ መሥሪያ ቤት ይጠየቃል ይላል። ስለ አንቺና ስለ እኔ አንድ ቃል የለበትም። ሲስተሙ ይሠራል፣ እኛ ወጥተናል፤ በሚቀጥለው ሳምንት ቦታችንን ሌላ የስድስት ወር ልጅ ይይዘዋል። ስሙን ባውቀው እጽፍለት ነበር።

እኔ አሁን ወረዳው አጠገብ ካለች ፎቶ ኮፒ ቤት በሰው ኮምፒውተር የወደመ ንብረት ማመልከቻ እተይባለሁ። ሰው መጥቶ በሬውን፣ ቆርቆሮውን፣ ልጁን ያስጽፈኛል። ሥራ ነው፤ ያለ ፈቃድ ቀረሽ የሚል የለበትም።

ሐሙስ እንደምትመጪ በጎረቤት ስልክ ሰምተው እናትሽ ነግረውኛል። አውቶቡሱ በመርሳ ነው የሚያልፈው። እንዳትወርጂ። ቀጥ ብለሽ ወልድያ ግቢና እናትሽን ሳሚ፣ አብረሻቸው ብዪ፣ ሥራ ማጣትሽንም እዚያው ንገሪያቸው። ቅዳሜ እኛ ጋ ነይ። እናቴ ትጠብቅሻለች፤ የሚስባህን ለቅሶ ያልደረሰ ሰው መቁጠር አታቆምም።

እኔ ገና አልማርኩሽም። የምልሽ ብዙ አለኝ፤ ወረቀት አይበቃውም። ፊት ለፊት ተቀምጠሽ ትሰሚኛለሽ፣ እኔም እጮሃለሁ፣ አንቺም እስክጨርስ አትነሺም። ምሳ የምንበላው ከዚያ በኋላ ነው።

ሀስና